ሐዲስ አለማየሁ የትኛውን የሕይወታቸውን ክፍል ለየትኛው መጽሐፍ ሰጡ?

የመደርደሪያው ባለቤት፦

ሰላም ለዚህ መድረክ አንባቢዎች። በዚህ ክረምት የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁን መጻሕፍት በታተሙበት ቅደም ተከተል እያነበብሁ ነው። ብዙዎቻችን እሳቸውን የምናውቃቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሁሉንም በመደዳ ላነበበ ግን በየመጽሐፉ ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ይገጥመዋል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ተውኔት ጽፈዋል። በ1948 ዓ.ም. ለልጆች «ተረት ተረት የመሠረት»ን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ስለ ትምህርት ዓላማ የሚያትት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1958 ዓ.ም. ታላቁ ልብ ወለድ መጣ። በ1966 ዓ.ም. አገሪቱ ስትናወጥ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚመረምር የፖለቲካ መጽሐፍ አወጡ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ተከተሉ። በ1985 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ «ትዝታ»ን፣ የጦርነት ዘመን ማስታወሻቸውን፣ ሰጡን። ተውኔት፣ ተረት፣ የትምህርት ሐተታ፣ ረጅም ልብ ወለድ፣ የፖለቲካ ድርሰት፣ ማስታወሻ፤ ሁሉም ከአንድ ብዕር!

ሕይወታቸውም እንዲሁ ብዙ ነው። ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የካህን ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተማሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት፣ ቀጥሎ መምህርነት። በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሽሬ ዘመቱ፤ በ1929 ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ሰባት ዓመት ያህልም በእስር ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክ፣ ለንደን፤ በመካከሉም ሚኒስትርነት አለ።

ያስገረመኝን ልናገር። ትልቁ ልብ ወለዳቸው የተሠራው ከልጅነታቸው፣ ከቅኔ ቤቱና ከጎጃም ባላባት ግቢ ነው። ጦርነቱና እስሩ፣ ማንም ደራሲ «ይህስ ልብ ወለድ ይወጣዋል» የሚለው ታሪክ፣ በራሳቸው ስም በማስታወሻ ተጻፈ። ሃያ ዓመት የፈጀው የዲፕሎማሲ ሕይወት ደግሞ በየትኛውም ታሪክ ውስጥ ፊት ለፊት አይታይም። የለንደን ግብዣ፣ የኒውዮርክ ስብሰባ፣ የደብዳቤና የትእዛዝ ዓለም የት ገባ? አንድ ሰው ይህን ሁሉ ኖሮ የትኛውን በልብ ወለድ፣ የትኛውን በማስታወሻ እንደሚጽፍ በምን ይወስናል? ያነበባችሁ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

የዲማው ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከአገሬ ወጥቼ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበርና ስለዚያ ክፍል ብቻ ልናገር።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ሰው በዛብህ ተማሪ ቤት የሚያሳልፈውን ሕይወት ያነበበ የከተማ ሰው የአገር ልማድ ተገለጸለት ብሎ ያልፋል። በዚያ ያለፈ ሰው ግን በየገጹ ይቆማል። ደበሎው (የሚለበሰው የበግ ቆዳ)፣ አኩፋዳው (የለመኑት የሚያዝበት)፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆሙ፣ ውሻው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረሃቡ የማያስረሳው የትምህርት ጉጉት አለ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ መምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ቤቱ ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ካልሞላ አንድ ቃል ተናግረው ይመልሱታል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት እስኪደርስ ስንት ቀን እንባውን እንደሚውጥ የሚያውቀው ያየው ነው።

ይህን ሐዲስ በጥናት አላገኙትም። እኔ እንደማምነው ግን ከቅኔ ቤት ያመጡት ትልቁ ነገር ትዝታው አይደለም፤ የአሠራር ልማዱ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ነገሩን በቀጥታ መናገር ሲያቅተው አይጨነቅም። ሌላ ነገር አንሥቶ ያንኑ ይናገራል። ስለዚህ «የዲፕሎማሲው ሕይወት የት ገባ» ለሚለው ጥያቄህ መልሱን ዓይነ ሥጋ ከሚያየው ቦታ አትፈልገው።

የዜና አርታዒው፦

የሐዲስን ታላቅነት የሚክድ የለም። ነገር ግን «ሕይወቱን በብዙ ዓይነት ድርሰት የጻፈ ደራሲ» ከተባለ የበዓሉ ግርማ ስም ሳይነሣ ማለፍ አግባብ አይመስለኝም። እኔ ዕድሜዬን በዜና ክፍል የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ለበዓሉም የማደላው በዚህ ነው።

እስቲ የጻፋቸውን ተመልከቱ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ በቢሮ ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የተሰቀለ የአዲስ አበባ ወጣት ታሪክ ነው። «የሕሊና ደወል»ና እሱኑ መልሶ ሠርቶ ያሳተመው «ሐዲስ» ወደ ተወለደበት ወደ ኢሉባቦር ይወስዱናል። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የአብዮቱ ዘመን ልብ ወለድ ነው። «ደራሲው» ስለ ድርሰት ስቃይ የተጻፈ ድርሰት ነው። «ኦሮማይ» ደግሞ የጦር ዘገባ፣ የስለላ ታሪክና የፍቅር ታሪክ በአንድ ላይ ነው። አንዱ ሌላውን አይመስልም። ሁሉም ግን ከኖረው የተቀዱ ናቸው። «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደርሷል፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅም አስመራ ወርዷል።

ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ሐዲስ ልጅነታቸውን ሊጽፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቁ። ጦርነቱን ለመጻፍም ሃምሳ ዓመት አለፈ። በዓሉ ግን ዘመቻው በ1974 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1975 መጽሐፉን አወጣው። ገና ያልበረደውን፣ ሰዎቹ ገና በወንበራቸው ላይ ሳሉ። መጽሐፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

ዜና የጻፈ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ያየኸውን ሁሉ ጋዜጣው አይሸከመውም። የቀረው ይከማቻል፤ አንድ ቀን መውጫ ይፈልጋል። በዓሉ መውጫውን አገኘ፤ ዋጋውን ከፈለ። እኔ የጀግንነት ትርጉም ይህ ነው እላለሁ። ሐዲስ ዕድሜ ሰጥቷቸው መጠበቅ ቻሉ፤ ሁሉም ሰው ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም።

የመደርደሪያው ባለቤት፦

መምህር፣ (እንዲህ ብጠራዎት ደስ ይለኛል፤ ዕድሜዎን በሙያው ላይ አሳልፈዋልና) ስለ በዓሉ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሞ ሌላው ዓለም አሁን ገና እያነበበው መሆኑን ሳስብ ደራሲው ይህን ሳያይ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ነገር ግን መጠበቅን ከፍርሃት ጋር አብረው እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ላይ፣ ባለርስቱ በርስቱ ላይ ሳለ ነው። አበጀ በለው ገበሬውን አስተባብሮ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርክ የሚያሳየውን ክፍል የጻፉት የመንግሥት ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። ገበሬው ከልማዱ በላይ ግብር አልከፍልም ብሎ ባላባቱን በጦር ሲያሸንፍ ማሳየት በ1958 ዓ.ም. ቀላል ነገር አልነበረም። ሐዲስ ታሪኩን ራቅ ባለ ዘመን አኖሩት እንጂ ነገሩን አላራቁትም።

አስተማሪዋ ከባሕር ዳር፦

ለብዙ ዓመታት አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጉዱ ካሣ በእውነት የነበረ ሰው ነው?» ከዚያ ቀጥሎ «ሐዲስ በዛብህ ናቸው?» ይላሉ።

እኔ የምመልስላቸው እንዲህ ነው። በዛብህ የሐዲስን ትምህርት ወስዷል። የገበሬ ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ በስተርጅና ተጋብተው የወለዱት፣ ለእግዚአብሔር በስእለት የተሰጠ፣ ድምፁ ያማረ፣ በቅኔ የላቀ ልጅ ነው። ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ የሚደርስበት መንገድ ደራሲው በእግራቸው ያወቁት አገር ነው። ነገር ግን በዛብህ ስለ አገሩ ሥርዓት ምን ያስባል? ብዙም አያስብም። ይወዳል፣ ይፈራል፣ ይሸሻል። ማሰቡ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ካሣ ዳምጤን፣ ጉዱ ካሣ የሚባለውን፣ እዩት። በዘመድ ወገን ከባላባቱ ቤት ነው፤ ሐሳቡ ግን ከቤቱም ከዘመኑም ውጪ ነው። ማኅበሩን እንደ ድንጋይ ካብ ያየዋል፤ ከላይ ያለው የታችኛውን ተጭኖት ይኖራል፤ ከታች ያለው የተነቃነቀ ዕለት ሁሉም ይናዳል። ሕግና ልማድ ከጊዜው ጋር ካልተሻሻለ መፍረሱ አይቀርም ይላል። ይህን የሚናገረው ሰው ዲማ ውስጥ ተቀምጦ የሰው መሳለቂያ የሆነ ነው። ይህን ንግግር ግን ዲማ ተወልዶ ዲማ የኖረ ሰው ብቻውን ሊደርስበት ይችላል? የሌላ አገር መንግሥት እንዴት እንደቆመ፣ የወደቀው እንዴት እንደወደቀ ያየ ሰው ነው ለካሣ አንደበት የሰጠው። በግዞት አገር ሆነው የሙሶሊኒ መንግሥት ሲወድቅ አይተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ዓለም በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ስትከፋፈል ተቀምጠው አዳምጠዋል።

እና የመደርደሪያው ባለቤት የጠፋውን ዲፕሎማት ጉዱ ካሣ ውስጥ ይፈልጉት። ሱፍ ልብሱን አውልቆ፣ ለንደንን ትቶ፣ ጎጃም ገብቶ ያገኙታል። በ1966 ደግሞ ያው ሐሳብ ገጸ ባሕርይ ሳያስፈልገው በደራሲው ስም ወጣ። በልብ ወለዱ እብድ ተብሎ የተሰደበው ሐሳብ ከስምንት ዓመት በኋላ የፖለቲካ መጽሐፍ ሆነ።

ተማሪዎቼን እንዲህ እያልሁ ሳስተምር አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ። ደራሲ ራሱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያሳርፍ ይመስላቸዋልና።

የመደርደሪያው ባለቤት፦

እህቴ፣ ይህን አንብቤ የጉዱ ካሣን ክፍሎች እንደገና ከፈትሁ። የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አገኘ። የዲማው ተማሪም «ከሚታየው ቦታ አትፈልገው» ያለኝ ይህንኑ ነበር።

ከዋሽንግተን ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ የምበልጥ ይመስለኛል፤ ከአገር ከወጣሁም ቆይቻለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ሠፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሰበሰብ እንደነበር አስታውሳለሁ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ፣ ሰብለ ወንጌልን፣ እንደ ልጃቸው አልቅሰውላታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዲስ ከለንደን አምባሳደርነታቸው የተመለሱት በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ መጽሐፉም ብዙም ሳይቆይ በ1958 ታተመ። ከአገር ርቆ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እዚህ የምንኖር ሰዎች ስንገናኝ የምናወራው የዛሬውን አይደለም። የጠላው አጠማመቅ፣ የሠርጉ ወግ፣ የቤቱ አሠራር፣ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ እንደነበር፣ ይህን ነው የምናነሣው፤ እያንዳንዱን ነገር በስሙ እየጠራን። አገር ቤት ያለው ሰው እነዚህን ነገሮች ስለሚያያቸው አይዘረዝራቸውም። የሐዲስ ገጾች በዕቃና በወግ የተሞሉት፣ ግብሩ፣ ሙግቱ፣ የቀሳውስቱ ክርክር፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ማዕረግ ሁሉ ያን ያህል የጠራው፣ ከርቀት ስለታዩ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዲፕሎማሲው ጉዱ ካሣን ብቻ አልሰጠንም፤ ርቀቱንም ሰጥቶናል።

በነገራችን ላይ «ትዝታ»ን ያላነበባችሁ አንብቡ። አንድ ሰው የተሸነፈበትን ጦርነት እንዴት አድርጎ ራሱን ሳያሳንስና ሳያጀግን ሊጽፍ እንደሚችል ያሳያል።

ሞጋቹ አንባቢ፦

ሁላችሁም ስለ ኖሩት ነገር ታወራላችሁ። እኔ ግን በዚህ አባባል አልስማማም። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እጅግ የሚያመው ክፍል የማን ነው? የሰብለ ወንጌል ነው። አባቷ ለክብሩ ሲል ባል ሲመርጥላት ዕድሜዋ የሚያልፍባት፣ በትልቅ ግቢ ታስራ ያደገች፣ በመጨረሻም የአባቷን ቤት ትታ የምትወጣ የባላባት ልጅ። ሐዲስ ሴት አልነበሩም፤ የባላባት ልጅም አልነበሩም። የካህን ልጅ ነበሩ። ታዲያ ያንን ከየት አመጡት? ከኖሩት አይደለም። ሌላውን ሰው ከማዳመጥና ከማሰብ ነው።

ተሞክሮ ያለው ሰው ሁሉ ደራሲ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን የዘመቱት፣ የተማረኩት፣ የተሾሙት ሁሉ ልብ ወለድ ይጽፉልን ነበር። ከሐዲስ ጋር የታሰሩት ብዙ ናቸው።

ዳኛቸው ወርቁንም አትርሱ። በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» ከተማ የተማረ ወጣት ገጠር ገብቶ ከባላገሩ ጋር የሚያደርገውን ክርክር የሚያሳይ ነው፤ ደራሲው ደብረ ሲናን ያውቃል፤ ነገር ግን መጽሐፉን ታላቅ ያደረገው ማወቁ ሳይሆን ያገሩን ንግግር ያሰማበት መንገድ ነው። እሱም በአንድ ዓይነት አልተወሰነም፤ ተውኔት ጽፏል፣ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጽፏል፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን አሳትሟል።

አስተማሪዋ ከባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ ስለ ሰብለ ያልኸው ትክክል ነው፤ ክፍል ውስጥም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አስተውል። ሐዲስ ሰብለን የሚያዩበት ዓይን የማን ነው? ከደጅ ገብቶ በባላባት ቤት ፊደል የሚያስተምር የድኃ ልጅ ዓይን ነው። ያ ዓይን የራሳቸው ነው። ትልቅ ግቢ የገባ የቆሎ ተማሪ ማን እንደተከበረ፣ ማን እንደተዋረደ፣ ማን ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚያለቅስ ከቤቱ ባለቤት ይልቅ ያያል። የሰብለን ሕይወት አልኖሩትም፤ የሚታይበትን ቦታ ግን ኖረውበታል።

የዲማው ተማሪ፦

ይህን እኔም እመሰክራለሁ። ለምኖ የሚበላ ተማሪ የሰውን ቤት ከደጃፉ ያነባል። ማን እንደሚሰጥ፣ ማን ልጁን እንደሚመታ፣ የትኛዋ ሠራተኛ ተደብቃ ቆሎ እንደምትጨምር ያውቃል። ማንም አይቆጥረውምና ፊቱ ላይ ሁሉ ይነገራል።

ከቤሩት የተመለሰችው፦

ሰላም። እስከ አሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ይህ የመጨረሻው ንግግር ግን እንድጽፍ አስገደደኝ።

ቤሩት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ዓመታት ኖሬአለሁ። «ማንም አይቆጥረውምና ፊቱ ላይ ሁሉ ይነገራል» ያሉት፣ የእኔ ሕይወት ያ ነበር። ባልና ሚስቱ ሲጣሉ እኔ በመካከላቸው ሳህን አነሣ ነበር። አሮጊቷ የቤቱ እናት ሌሊት የሚነግሩኝን ለልጆቻቸው ነግረው አያውቁም። ሁሉን በማስታወሻ ደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሮቹን ይዤ ተመልሻለሁ።

አሁን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በራሴ ስም፣ እንደ «ትዝታ»፣ ልጽፈው ብል የእኔ ታሪክ ነውና እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን የሰዎቹ ገመና አለ። ደመወዜን የከለከለኝ ሰው አለ፣ ደግ የዋለልኝም አለ። ቤተሰቤ ደግሞ የማያውቁት ነገር አለ፤ እናቴ በሕይወት አለች። በልብ ወለድ ልጽፈው ብል ሰው «ፈጠረችው» ይላል። ያ ያመኛል። በዚህ ላይ የኖርሁት ብቻ ይበቃል ወይ የሚለው የሞጋቹ ወንድሜ ንግግር ልቤን አስግቶታል። እባካችሁ ምከሩኝ።

የዜና አርታዒው፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ ደብተሮቹን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጪ። ቅጂ አድርገሽ ሌላ ቤት አኑሪ። ይህን እንደ አባት ነው የምነግርሽ።

ስለ ሰዎቹ ገመና ልንገርሽ። በዓሉ «ደራሲው»ን ሲጽፍ የቅርብ ወዳጁን የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሕይወት መነሻ እንዳደረገ ሁሉም ያውቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የምናገኘው ሲራክ የሚባል ሰው ነው። የስብሐት ወግ አለበት፣ የበዓሉ የራሱ ጭንቀትም አለበት። ሁለቱ ተደባልቀው ሦስተኛ ሰው ወጥቷል። ስም መቀየር ብቻ ገመና አይሸፍንም፤ የአንዱን ጠባይ ከሌላው ታሪክ ጋር ስታዋሕጂ ነው ሰውየው የሚድነው። ያን ጊዜ አንቺም ትፈቺያለሽ፤ «እንዲህ አላደረገም» የሚል ሕሊናሽ አይይዝሽም።

«ፈጠረችው» ስለሚሉሽ አትጨነቂ። «ኦሮማይ»ን የፈሩት ሰዎች ልብ ወለድ መሆኑን ያውቁ ነበር። ፈጠራ መሆኑ አላጽናናቸውም።

ከዋሽንግተን ዳር፦

እኔ ደግሞ በማስታወሻ በኩል ልናገር። ሐዲስ የጦርነቱን ታሪክ በማስታወሻ የጻፉት ለምን ይመስልሻል? አብረዋቸው የዘመቱና የሞቱ ሰዎች ነበሩ። የሞተ ሰው ስም መነሣት አለበት። ሽሬ ላይ የወደቀን ሰው ሌላ ስም ሰጥተሽ በልብ ወለድ ብትጽፊው ሁለተኛ ጊዜ ይሞታል። በአንቺም ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ አብራሽ ሄዳ ያልተመለሰች እህት ካለች፣ እሷን በስሟ ጻፊያት፤ ቤተሰቧን ጠይቀሽ።

አስተማሪዋ ከባሕር ዳር፦

የእኔ እህት፣ ተማሪዎቼን የማሠራቸውን ልንገርሽ። ደብተርሽን ገልጠሽ እያንዳንዱን ክፍል ስታነቢ ራስሽን ጠይቂ፦ ይህን በስሜ ብጽፈው ሙሉውን እናገረዋለሁ ወይስ ግማሹን እውጣለሁ? ግማሹን የምትውጪው ከሆነ ለልብ ወለዱ ስጪው፤ እዚያ ሙሉውን ትናገሪያለሽ። ሳትውጪ የምትናገሪው ደግሞ ማስታወሻ ይሁን። አንድ ሕይወት በአንድ መጽሐፍ ማለቅ አለበት ያለ የለም። ሐዲስ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ሕይወታቸውን ለአንድ ዓይነት ድርሰት አላስገዙትም።

ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁትን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» ብታገኚ በጣም ይጠቅምሻል። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ፣ ወይም በቤተ መጻሕፍት ፈልጊው።

ሞጋቹ አንባቢ፦

እህቴ፣ ያስፈራሁሽ ከሆነ ዓላማዬ ያ አልነበረም። እንዲያውም አንቺ የሰብለን ነገር ታስረጂኛለሽ። አሮጊቷ ሌሊት የነገሩሽን አንቺ አልኖርሽውም፤ ሰምተሻል። የሰማሽውን ከእሳቸው ወገን ሆነሽ ለመጻፍ ሞክሪ። በእሳቸው ዓይን አንቺ ምን ትመስዪ ነበር? ይህን መጻፍ ከቻልሽ ልብ ወለዱ አለሽ። የበደለሽን ሰውም እንዲሁ። እሱን እንድንጠላው ብቻ አድርገሽ አትጻፊው። ፊታውራሪ መሸሻን አስቢያቸው፤ ጨካኝ ናቸው፣ ኩሩ ናቸው፣ ሲዋረዱ ግን እናዝናለን። ሐዲስ ከመደባቸው ተቃራኒ የሆነውን ሰው ሰው አድርገው ነው የጻፉት።

የዲማው ተማሪ፦

አንዲት ቃል ብቻ ልጨምር። እናትሽ በሕይወት ካሉ ከሌላው አንባቢ በፊት ለእሳቸው ጥቂቱን አንብቢላቸው። ሁሉንም አልልሽም። የሚችሉትን ያህል።

ከቤሩት የተመለሰችው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ደብተሮቹን ዛሬ አወጣኋቸው። የአስተማሪዋን ምክር ይዤ ለሁለት መክፈል ጀመርሁ። መንገዱ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ሥራ የጀመርሁበት ወር፣ ከእኔ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ በስማችን ይጻፋል፤ ከቤተሰቧ ጋር ተነጋግሬ ነው። የአሮጊቷ ሌሊት ደግሞ ልብ ወለድ ይሆናል፤ በእሳቸው አንደበት። ደመወዜን የከለከለኝ ሰው በየትኛው እንደሚገባ ገና አልወሰንሁም። ስለ እሱ ስጽፍ እጄ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የአሮጊቷን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስጨርስ እዚህ ልለጥፈው? ወይስ ለአንዳችሁ በግል ልላክ?

የመደርደሪያው ባለቤት፦

በመጀመሪያ ለአስተማሪዋ በግል ላኪላት፣ እሷ ፈቃደኛ ከሆነች። አንዴ እዚህ የወጣ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም፤ አንቺም ገና ትቀይሪዋለሽ። ሲስተካከል ግን ለብቻው አዲስ ርዕስ ክፈቺለትና ሁላችንም እናንብበው።

አስተማሪዋ ከባሕር ዳር፦

በደስታ። ላኪልኝ፤ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው፣ ስለዚህ በሰፊው ክፍተት አስቀምጪው።